በቆልማማ እግር በተወለዱ ሕፃናት ላይ ስለሚታየው የእግር ርዝመት መበላለጥ

አንድ እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ልጅ በሕክምና ከተቃናለት በኋላ ቆሞ መሄድ ሲጀምር፣ ወላጆቹ ቀድሞ ያላዩትን ነገር ያያሉ። የታከመው እግር ከጤነኛው ይልቅ ባቱ የቀጠነ፣ መርገጫው ያነሰ፣ ቁመቱም ጥቂት ያጠረ ሆኖ ይታያቸዋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ «ሕክምናው አልያዘለትም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ሌሎቹም እግሩን ያቀጠነውና ያሳጠረው ጀሶው ነው ብለው ያስባሉ። ከዚህ የተነሣ ሌሊት ሌሊት እንዲያደርግ የታዘዘለትን ጫማ ያወልቁለታል። ጫማው ሲቀር ግን እጥረቱ አይሻልም፤ የሚመለሰው ቆልማማነቱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የርዝመቱ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚለካና ምን እንደሚደረግለት ባጭሩ ማስረዳት ነው። ነገሩንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ካለው ኑሮ ጋር እናገናዝበዋለን፤ ምክንያቱም አንድ ሕክምና በመጽሐፍ ላይ መልካም ሆኖ ቢገኝም፣ ገበሬው ቤት ሲደርስ የማይፈጸም ከሆነ ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ስለ ቆልማማ እግርና ስለ ሕክምናው

ቆልማማ እግር የምንለው ሕፃኑ ከማሕፀን ይዞት የሚወለደው የእግር ጉድለት ነው። ተረከዙ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ የፊተኛው የእግር ክፍል ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ውስጥ እግሩም ወደ ሌላው እግር ይዞራል። ከ1,000 ሕፃናት መካከል 1 ወይም 2 ያህሉ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ። በወንዶች ላይ ከሴቶች እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ከሕመምተኞቹም እኩሌታ ያህሉ ሁለቱም እግሮቻቸው ቆልማማ ናቸው። የርዝመት መበላለጥ ጉዳይ በይበልጥ የሚነሣው አንድ እግር ብቻ ቆልማማ በሆነባቸው ልጆች ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሕክምና በስፔን ግዛት በሜኖርካ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1914 ተወልደው በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የደረሱበት ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1963 አሳትመው ቢገልጹም፣ ሐኪሞች ዘዴውን በሰፊው የተቀበሉት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 ዐረፉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ የሕፃኑን እግር በእጁ በዝግታ እያቃና ከጣት እስከ ጭን ድረስ ጀሶ ያደርግለታል። ጀሶው በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይበቃል። በመጨረሻ ተረከዙ እንዲወርድ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ምላጭ ይቆረጥና እንደገና 3 ሳምንት በጀሶ ይቆያል፤ ጅማቱም በዚህ ጊዜ ውስጥ ረዘም ብሎ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ በዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ይሰጡታል። እነዚህን 3 ወር ያህል ቀንና ሌሊት፣ ከዚያም 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በእንቅልፍ ጊዜ ያደርጋቸዋል።

በአገራችን ይህ ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው በኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ሲሰጥ ቆይቷል፤ ወደ ክልል ከተሞችም ተስፋፍቷል። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ችግር ሕክምናው አለመታወቁ ሳይሆን ቤተሰቡ እስከ መጨረሻው አለመዝለቁ ነው። ቆልማማነቱ ተመልሶ ለሚመጣባቸው ልጆችም ትልቁ ምክንያት የሌሊቱን ጫማ መተው መሆኑ በየአገሩ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል

ቆልማማ እግር የመርገጫው ሕመም ብቻ አይደለም። ከጉልበት በታች ያለው ክፍል ሁሉ ከጽንስ ጀምሮ አስተዳደጉ ጥቂት ያነሰ ነው። የባት ሥጋው ትንሽ ነው፤ የተረከዙና የቁርጭምጭሚቱ አጥንቶች ያነሱ ናቸው፤ የቅልጥሙም አጥንት ጥቂት ሊያጥር ይችላል። እንግዲህ ባቱን ያቀጠነው ጀሶው አይደለም፤ ቅጥነቱ አብሮት የተወለደ ነው። በመታሸትም ሆነ ቅቤ በመቀባት አይወፍርም። የታከመው እግር ልጁ ካደገ በኋላም በ1 ወይም በ1 ተኩል የጫማ ቁጥር ያህል ሊያንስ ይችላል። የቁመቱ ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው።

እዚህ ላይ እውነተኛውን እጥረት ከሚመስለው መለየት ያስፈልጋል። ያልታከመ ቆልማማ እግር ተረከዙ ስለ ተሰቀለ፣ ልጁ ሲቆም ያ እግር የረዘመ መስሎ ዳሌውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ልጁም ይህን ለማስተካከል ጉልበቱን ያጥፋል። ተረከዙ ሲወርድ ይህ የሐሰት ርዝመት ይጠፋል፤ በስተኋላው የነበረው እውነተኛ እጥረት ያን ጊዜ ይገለጣል። ስለዚህ ወላጆች «ከታከመ በኋላ አጠረ» ሲሉ ያዩት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ሕክምናው እግሩን አላሳጠረውም፤ ትክክለኛ ቁመቱን ገለጠው እንጂ።

ደግሞም ልዩነቱ በሕፃንነቱ ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ነገሩ የተለመደው ቆልማማ እግር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ወጥቶ ይሆናል፤ ወይም የቅልጥሙ አጥንት ከተፈጥሮው ጎድሎ ይሆናል። እንዲህ ያለው ልጅ የአጥንት ሐኪም ሊያየውና ራጅ ሊነሣ ይገባዋል።

እንዴት ይለካል

ቆሞ መሄድ ያልጀመረውን ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ሁለቱን ጉልበቶች ማጠፍና ተረከዞቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንዱ ጉልበት ከሌላው ዝቅ ብሎ ከታየ፣ ልዩነት አለ ወይም ዳሌው ወልቋል ማለት ነው።

የቆመውን ልጅ ግን ከሁሉ በተሻለ የሚለካው ቀላሉ መንገድ ነው። ውፍረታቸው ግማሽ ሴንቲ ሜትርና 1 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጠፍጣፋ እንጨቶች ይዘጋጃሉ። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ጉልበቶቹን ዘርግቶ፣ ሁለቱን ተረከዞች መሬት አስነክቶ ይቆማል። ከዚያም ዳሌው በሁለቱ ወገን እኩል እስኪሆን ድረስ ባጠረው እግር ሥር እንጨት ይጨመራል። የእንጨቱ ውፍረት የልዩነቱ መጠን ነው። ከዳሌ ጉብታ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በሜትር መለካትም የተለመደ ነው። ዳሩ ግን ለቆልማማ እግር ይህ አይበቃም። ምክንያቱም ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው የእግር ከፍታ ራሱ ያነሰ ስለሆነ፣ ሜትሩ ያን አይቆጥረውም።

ልኬቱ በዓመት 1 ጊዜ ተደርጎ በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚያስረዳው የዓመታቱ ተከታታይ ነው። ወደፊት የሚደርሰውን ለመገመትም ዶክተር ድሮር ፔሊ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ስሌት ይረዳል። የእግር ርዝመት በወንድ ልጅ በ4 ዓመት፣ በሴት ልጅ በ3 ዓመት ገደማ ወደፊት ከሚደርስበት እኩሌታ ይሆናል። ከተፈጥሮ የመጣ ልዩነትም ከእግሩ ጋር በዚሁ መጠን ያድጋል። እንግዲህ በ4 ዓመቱ 7 ሚሊ ሜትር ያጠረ ወንድ ልጅ ዕድገቱን ሲጨርስ ልዩነቱ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አይደለም።

ምን ይደረግለት

ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ልዩነት ምንም አይደረግም። በጤነኛ ሰዎችም መካከል እግራቸው በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚበላለጥ ብዙ ናቸው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ለሆነው፣ ልጁ ካነከሰ ወይም ቶሎ ከደከመ ባጠረው እግር ጫማ ላይ ሶል ይጨመራል፤ ካላስቸገረው ግን ይተዋል። የሚጨመረው ሶል የልዩነቱን ሁሉ መሙላት አያስፈልገውም። እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው በጫማው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከውጭ ይለጠፋል።

ለቆልማማ እግር ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ሶሉ ከተረከዝ እስከ ጣት ድረስ መዝለቅ አለበት። ተረከዙ ብቻ ከፍ ቢደረግ፣ በብዙ ድካም የወረደውን ተረከዝ እንደገና ተሰቅሎ እንዲቆይ ማልመድ ይሆናል።

ሌላም የሚያሳስት ምልክት አለ። አንድ ልጅ በጣቱ እየረገጠ ሲሄድ ቢታይ፣ ያጠረውን እግር ለማስረዘም ብሎ ይሆናል፤ ወይም ቆልማማነቱ ተመልሶበት ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ጉልበቱን ዘርግቶ መርገጫውን በእጅ ወደ ላይ መግፋት ነው። ከቀጥታው ማዕዘን አልፎ በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ጅማቱ አልጠበበም፤ እንጨቱን አምጥቶ ርዝመቱን መለካት ነው። የማይወጣ ከሆነ ግን ሶል መጨመር በሽታውን መሸፈን ስለሆነ፣ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጀሶው ክሊኒክ ይመለስ።

ዕድገት ሲያበቃ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል ተብሎ የሚገመት ልዩነት ሲገኝ፣ የረዘመውን እግር የአጥንት ማደጊያ በጊዜው መዝጋት ይቻላል። የጭን አጥንት በጉልበት በኩል በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የቅልጥም አጥንት ደግሞ በጉልበት በኩል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ሴት ልጅ በ14፣ ወንድ ልጅ በ16 ዓመት ገደማ ዕድገታቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ሊበላለጥ ለሚችል የሴት ልጅ እግር፣ የጭኑ ማደጊያ የሚዘጋው በ11 ዓመቷ ገደማ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነው አጥንቱን ማስረዘም አለ፤ ይህ ግን ረጅምና አድካሚ ሕክምና ስለሆነ በተለመደው ቆልማማ እግር ላይ እምብዛም አያስፈልግም። ዋናው ቁም ነገር በ3 ወይም በ4 ዓመት ልጅ ላይ ለርዝመት ሲባል የሚደረግ የቸኮለ ቀዶ ሕክምና አለመኖሩ ነው። በዚያ ዕድሜ የሚሠራው ሥራ መለካት፣ መጻፍና የሌሊቱን ጫማ አለማቋረጥ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ለከተማው ሰው መኪና ቅርብ ነው። ከጎዳናው ርቆ ለሚኖረው ገበሬ ግን በየሳምንቱ ጀሶ ለማስለወጥ መመላለስ ከባድ ነው፤ በክረምትም ጭቃና ዝናብ ጀሶውን ያበላሹታል።

ሁለተኛው ነገር የአራስነት ወግ ነው። በአገሩ ልማድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እስከዚያ ድረስ አራሷ ከቤት አትርቅም። ጀሶው ግን ከተወለደ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ቢጀመር ይመረጣል። የቆየ ሕፃንም ይታከማል፤ ዳሩ ግን ሴቷ ልጅ በዚህ ልማድ ከወንዱ ይልቅ ብዙ ቀን እንደምታጣ ማስተዋል ይገባል። ይህን ክፍተት ሊያጠብ የሚችለው እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው። ባለሙያዋ አራሷን በቤቷ ስትጠይቅ የሕፃኑን እግር ገልጣ ብታይ፣ ልጁ በጊዜ ይላካል። ቤተሰቡ ወደ ወጌሻ ከሄደም ምክር ያስፈልገዋል። ቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እግር እስከ ማሳጣት እንደሚያደርስ የአገራችን አጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

ሦስተኛው የጫማ ነገር ነው። ሶል የሚጨመረው ጫማ ላለው ልጅ ነው። የገጠር ልጅ ግን ከብት ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ ይውላል፤ ቢያደርግም የላስቲክ ጫማ ነው፤ እርሱም ለመለጠፍ አይመችም። የከተማ ጫማ ሰፊ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሶል በቆዳ ጫማ ወይም በበረባሶ ላይ ሊያበጅለት ይችላል። ሐኪሙ ልኩን በእንጨቱ አይቶ፣ ከተረከዝ እስከ ጣት እንዲዘልቅ በወረቀት ጽፎ ቢሰጠው በቂ ነው። ጫማው ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነው ነዋሪዎች ከመቶ 3.3 ያህሉ በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ እንደያዛቸው አሳይቷል። እንግዲህ ለእጥረቱ ተብሎ የተገዛ ጫማ ከዚህም በሽታ ይጠብቀዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሦስት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ በቆልማማ እግር ላይ የሚታየው እጥረት አብሮት የተወለደና ብዙውን ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ የሕክምና ውድቀት ምልክት አይደለም። ሁለተኛ፣ ይህ ነገር ለወላጆች መነገር ያለበት እጥረቱ ከታየ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያው ጀሶ በሚደረግበት ቀን ነው። እናትየዋ «ባቱ ይቀጥናል፤ እግሩም ጥቂት ያጥር ይሆናል፤ ነገር ግን ይሄዳል፤ ይሮጣል» የሚለውን አስቀድማ ከሰማች፣ በኋላ ስታየው አትደነግጥም፤ ጫማውንም አታወልቅም። ሦስተኛ፣ ለመለኪያ የሚያስፈልገው ጥቂት ጠፍጣፋ እንጨትና አንድ መዝገብ ብቻ ነው።

በጤና ትምህርት ላይ ያሉ ጓደኞቻችን በዕረፍት ወራት ወደ ጎጃም ሲሄዱ በየጤና ጣቢያው እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲጀመር ቢረዱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገራችን ልጆች እግር ምን ያህል እንደሚበላለጥ ከራሳችን ልጆች ተለክቶ የተገኘ ቁጥር ይኖረናል።