የካርቦን፣ የንጹሕ ኃይልና የውሃ ክርክር በክፍል ውስጥ፤ የዓባይ ግድብ እንደ ማስተማሪያ ምሳሌ

ከገበያ እህል ሸምቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፣ በሻጭና በገዢ መካከል ጭቅጭቅ የሚነሣው በእህሉ ጥራት ወይም በዋጋው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጭቅጭቁ መነሻ ቁናው ነው። ዛሬ መንግሥታት ስለ ካርቦን ልቀት፣ ስለ ንጹሕ የኃይል ምንጭና ስለ ወንዞች ውሃ የሚያካሂዱት ክርክርም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ሁሉም ወገን ቁጥር ይጠቅሳል፤ የሚጠቀሰውም ቁጥር በአብዛኛው እውነተኛ ነው። የሚለያዩት በመስፈሪያው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለጂኦግራፊ፣ ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና ለዜግነት ትምህርት መምህራን ማስረዳትና፣ ጉዳዩ በክፍል ውስጥ ሲቀርብ በየትኛው በኩል ቢያዝ እንደሚሻል ማመልከት ነው። ዋናው ምሳሌያችን ዓባይ ይሆናል። ምክንያቱም ሦስቱ ክርክሮች የሚገናኙበት ከመሆኑም በላይ፣ ተማሪው ስለ እርሱ ከቤቱ ብዙ ነገር ሰምቶ የሚመጣ መሆኑ ነው። (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የልቀት መስፈሪያዎች

የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከየትኛውም አገር ቢወጣ፣ ከዓለም አየር ጋር ተቀላቅሎ እጅግ ረጅም ዘመን ይቆያል። ጉዳቱ የጋራ ስለ ሆነ የመቀነሱ ሸክም እንዴት ይከፋፈል የሚለው ጥያቄ የግድ ይነሣል። በዓመታዊ ልቀት ከተሰፈረ ቻይና ቀዳሚ ናት፤ ከዓለም ዓመታዊ ልቀት ሲሶ ያህሉ ከእርስዋ ይወጣል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ጀምሮ የተጠራቀመው ልቀት ከተደመረ ግን ሩብ ያህሉን ድርሻ የያዘችው አሜሪካ ናት። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ያህል፣ አንድ ቻይናዊ ከ8 ቶን በላይ፣ አንድ ሕንዳዊ 2 ቶን ያህል ይደርሰዋል፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከ0.2 ቶን በታች ነው። ከእነዚህ አንዱም ሐሰት አይደለም። ሆኖም እያንዳንዱ አገር ለራሱ የሚቀለውን አንሥቶ ወደ ጉባኤ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት የአገሮች ኃላፊነት «የጋራ፣ ነገር ግን የተለያየ» መሆኑን ቢደነግግም፣ ልዩነቱ በምን ይለካ የሚለው ከኪዮቶ (እ.ኤ.አ. 1997) እስከ ፓሪስ (እ.ኤ.አ. 2015) ሲያከራክር ኖሯል።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል። ከላይ የተጠቀሰው የነፍስ ወከፍ ቁጥር ከነዳጅ ቃጠሎና ከመሳሰለው የሚወጣውን ብቻ ይመለከታል። ከብቶች የሚያወጡት ሚቴንና ከደን ምንጣሮ የሚመጣው ልቀት በዚህ ውስጥ የሉም፤ ከአገራችን ልቀት አብላጫው ግን የሚመነጨው ከእርሻ፣ ከከብት ርባታና ከደን መመንጠር ነው። እነዚህ ተደምረውም ድርሻችን ከባለ ኢንዱስትሪዎቹ አገሮች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ቢሆንም ለእኛ የሚመቸውን ቁና ብቻ ለተማሪ ማሳየት፣ በሌሎች ላይ የምንነቅፈውን ራሳችን መፈጸም ይሆናል።

የንጹሕ ኃይል ፉክክርም የዚሁ ዘመድ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎችን ከመሥራት ሂደት በእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ 80 እጅ በላይ የሚሆነው በቻይና እጅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ የመቶ በመቶ ቀረጥ ጣለች። የአውሮፓ ኅብረትም እንደ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ ባሉ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ በልቀታቸው መጠን የሚከፈል ሒሳብ ደንግጎ፣ የመሸጋገሪያውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ጀምሯል። አየሩን ለመጠበቅ ነው የሚሉ አሉ፤ የአገር ውስጥ ፋብሪካን ከውድድር ለማዳን ነው የሚሉም አሉ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ውሃው ምን ይሆናል?

ወደ ዓባይ እንምጣ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ የመጀመሪያው ሙሌት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ተከናውኖ፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቁመቱ 145 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ተማሪዎቻችን በቃላቸው ያውቋቸዋል። የሚጎድለው ሌላ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ዕጩ መምህር የማስተማር ልምምድ ሲያደርግ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠን እንከታተል ነበር። አንዲት ተማሪ እጅዋን አውጥታ፣ «ውሃው መብራት ከሰጠ በኋላ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ለግብፆች እርሻ ምን ይጠቅማቸዋል?» ስትል ጠየቀች። ዕጩው መምህር ትንሽ ካመነታ በኋላ፣ ይህ የፖለቲካ ጥያቄ ስለ ሆነ ወደ ትምህርታችን እንመለስ ብሎ አለፈ። ጥያቄው ግን የፊዚክስ ጥያቄ ነበር፤ ያውም እጅግ ጥሩ ጥያቄ። በጉዳዩ ላይ ከሚሰማው ብዙ ስሕተት ሥሩም ይኸው ነው። ውሃን እንደ ማገዶ፣ ግድብንም እንደ ምድጃ የሚቆጥር ሰው፣ ከግድቡ በታች ያለው አገር አመድ ብቻ የሚደርሰው ይመስለዋል።

መልሱን ተማሪዎቹ ራሳቸው በሰሌዳ ላይ አስልተው ሊያገኙት ይችላሉ። በግድቡ ሥፍራ የዓባይ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። አንድ ዓመት 31.5 ሚሊዮን ሰኮንድ ያህል ስላለው፣ በሰኮንድ 1,550 ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። የውሃውን ውድቀት 130 ሜትር ብለን ብንወስድና የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት 1,000 ኪሎ ግራም መሆኑን ብናስታውስ፣ በስበት መጠን (9.8) ስናባዛው 1,975 ሜጋ ዋት ያህል እናገኛለን። ከዚህ ውስጥ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ የሚባክነውን ከመቶ 10 እጅ ስንቀንስ የሚቀረው 1,780 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ ይህም በዓመት 15,600 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የገቡት የውሃው መጠንና የወደቀበት ከፍታ ብቻ ናቸው። የጠፋው ከፍታ ነው፤ ውሃው አልጠፋም። 1,550 ሜትር ኩብ ገብቶ 1,550 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ እንደ ቀድሞው ያጠጣል፣ ያበቅላል። ተማሪዎቹ በዚህ አጋጣሚ 5,150 ሜጋ ዋት የተባለው አቅም ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ አማካይ ኃይል አለመሆኑንም ይረዳሉ፤ ይህን ልዩነት ከተማሪዎች ሌላ ብዙ ጎልማሶችም አያውቁትም።

ይህ ማለት ግን ለታችኛው ተፋሰስ ምንም ለውጥ የለም ማለት አይደለም፤ መምህሩም እዚህ ላይ ቆሞ ትምህርቱን በድል ስሜት መዝጋት አይገባውም። ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ውሃ ይዞ አስቀርቷል። ከሐይቁ ገጽ የሚተንም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው የሚለቀቅበት ጊዜ ይለወጣል፤ በክረምት ይጎርፍ የነበረው በዓመቱ ወራት ይደለደላል። ለሱዳን ይህ ከጎርፍ መዳንና ለመስኖ የተስተካከለ ውሃ ማግኘት ነው። ነገር ግን የሮዜሬስ ግድብ የሚገኘው ከድንበሩ ብዙም ሳይርቅ ስለ ሆነ፣ መቼ ስንት እንደሚለቀቅ በወቅቱ ካልተነገራቸው የሚደርስባቸው ችግር ቀላል አይደለም።

በአስዋን ቁናና በእንጦጦ ቁና

ግብፅ የምትሰፍርበት ቁና ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የእ.ኤ.አ. 1959 ውልን መመልከት ይበቃል። በዚያ ውል የናይል አማካይ ዓመታዊ ፍሰት በአስዋን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተይዞ፣ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ተመድቧል፤ 10 ቢሊዮን ደግሞ ለትነትና ለብክነት ተትቷል። መምህሩ ሦስቱን ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎች እንዲደምሩ፣ ቀጥሎም ለሌሎቹ ዘጠኝ የተፋሰሱ አገሮች ስንት እንደ ተረፈ እንዲናገሩ ቢጠይቅ ክፍሉ ራሱ መልሱን ይሰጣል። በአስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ 85 እጅ ያህሉን የምታመነጨው ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ ስሟ የለም።

ይሁን እንጂ የግብፅንም ነገር በቅን ልቡና ማስረዳት ያስፈልጋል። ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብዋ የሚኖርባት ምድር ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል፤ የሚታደሰው ውሃዋ በሙሉ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ከናይል ነው። የእኛ ተማሪ የመኸር ዝናብ ሲቀር የበልግን ይጠብቃል፤ የግብፅ ገበሬ የሚጠብቀው ሌላ ሰማይ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ያን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው ድርቅ፣ በዚያው ዘመን ከአስዋን ግድብ ጀርባ ያለውን ሐይቅ በእጅጉ አጉድሎት ነበር። ሐይቁን ያዳነው በ1980 ዓ.ም. ክረምት በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ ነው። በአንድ ድርቅ ወሎና አስዋን አብረው ተጎድተዋል፤ ልዩነቱ ግብፅ የተጠራቀመ ውሃ የነበራት መሆኑ ነው።

የሕጉም ነገር እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የወንዞች ስምምነት «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» የሚለውንም፣ «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» የሚለውንም መርሕ ይዟል። የላይኞቹ የመጀመሪያውን፣ የታችኞቹ ሁለተኛውን ያስቀድማሉ። ስምምነቱ ለድምፅ ሲቀርብ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፃቸውን አቅበዋል። ሦስቱ አገሮች መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የፈረሙት የመርሖች መግለጫም ሁለቱንም መርሖች ጎን ለጎን አስፍሯል። በእንቴቤ ለፊርማ የቀረበው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ሲውል ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም።

ታዲያ ሦስቱ አገሮች ለረጅም ዓመታት የተደራደሩበት፣ እስከ ጸጥታው ምክር ቤት የደረሰው ጉዳይ ዋና ቋጠሮው ምንድን ነው? በብዙ ሰዎች ዘንድ የግድቡ መሠራት ወይም አለመሠራት ነው ተብሎ ይታሰባል። እርሱ አልቋል። የቀረው፣ ለተከታታይ ዓመታት ዝናብ ሲያጥር ከሐይቁ ምን ያህል ይለቀቅ፣ ዝናቡ ሲመለስስ ሐይቁ በምን ፍጥነት ይሞላ የሚለው ነው። ግብፅ የሚያስገድድ የቁጥር ግዴታ ትፈልጋለች። ኢትዮጵያ ደግሞ እንዲህ ያለው ግዴታ ውሎ አድሮ ወደ ውሃ ክፍፍል ተለውጦ፣ ከግድቡ በላይ ልታለማው የምትችለውን መስኖ ይዘጋብኛል ትላለች። የሁለቱም ስጋት መሠረት አለው። ከዚህም ጋር፣ ድርቁን የሚያባብሰው የአየር ንብረት ለውጥ ከሁለቱም አገሮች ይልቅ የሌሎች ሥራ መሆኑ፣ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ከኤሌክትሪክ መረብ ውጭ በማገዶና በኩበት የሚኖር መሆኑም መረሳት የለበትም። የካርቦኑ ክርክርና የውሃው ክርክር እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ።

ለዚህ የሚከተለውን መልመጃ እንጠቁማለን፤ ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የታሰቡ እንጂ የተለኩ አይደሉም። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሞልቶ ሳለ ለአራት ዓመታት በየዓመቱ 49 በመግባት ፈንታ 35 ብቻ ቢገባ፣ ትነትን ትተን፣ በየዓመቱ 35 ቢለቀቅ፣ 40 ቢለቀቅ፣ 45 ቢለቀቅ በመጨረሻው ሐይቁ ላይ ስንት ይቀራል? ተማሪዎቹ 74፣ 54ና 34 ያገኛሉ። በመጀመሪያው ምርጫ የታችኞቹ አገሮች በአራቱ ዓመታት 56 ቢሊዮን ይጎድልባቸዋል። በሦስተኛው ደግሞ የውሃው ውድቀት ስለሚያንስ ቀደም ሲል በተሰላው ሒሳብ ኃይሉ ይቀንሳል። ክፍሉ በሦስት ቡድን ተከፍሎ የኢትዮጵያን፣ የሱዳንንና የግብፅን ቦታ ይዞ፣ በአንድ ቁጥር ላይ እስኪስማማ ይከራከር። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዝናቡ እንደ ተመለሰ ተቆጥሮ ሐይቁ በስንት ዓመት ይሙላ በሚለው ላይ ይነጋገሩ፤ ቡድኖቹ ግን ቦታ ይለዋወጡ። የግብፅን ቦታ የሚይዘው ቡድን ከክፍሉ ደካሞቹ እንዳይሆን መምህሩ አስቀድሞ ይጠንቀቅ።