የአጥንት ካንሰርና እግርን ሳይቆርጡ የማከም ዕድል

ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚታየው በአሥራዎቹ ዕድሜ በሚገኙ ልጆችና ወጣቶች ላይ ሲሆን፣ ከግማሽ የማያንሰው በጉልበት አካባቢ ይነሣል። ታማሚው ሕመሙን ከመውደቅ ወይም ከመጋጨት ጋር ስለሚያያይዘው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ስለዚህ በካፋ ዞን ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ ባለሙያ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና እያደር የሚብስ የአጥንት ሕመም ወይም እብጠት ሲያጋጥመው፣ ታማሚውን ራጅ ሳያስነሣ በማስታገሻ ብቻ ማሰናበት አይገባውም።

እግርን ሳይቆርጡ ለማከም ዕጢው በዙሪያው ካለው ጤናማ ሥጋ ጋር ተቆርጦ ይወጣል። ክፍተቱም በብረት በተሠራ አጥንትና መገጣጠሚያ፣ ወይም ከታማሚው ከራሱ በተወሰደ አጥንት ይተካል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ኬሞቴራፒ ይሰጣል። በአግባቡ ለተመረጡ ታማሚዎች ይህ ዘዴ የሚያስገኘው በሕይወት የመቆየት ዕድል እግርን ከመቁረጥ አያንስም። ዕጢው ዋናውን የደም ሥርና ነርቭ ከወረረ ግን መቁረጥ ግድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ዕድል ከሚያበላሹት አንዱ ያለ ዕቅድ የተወሰደ ናሙና ነው። በአግድም የተቀደደ ቁስልና በውስጡ የሚጠራቀም ደም የካንሰር ሕዋሳትን ወደ ጤናማው ክፍል ያዳርሳሉ። በመሆኑም ባዮፕሲ መወሰድ ያለበት ዋናውን ቀዶ ሕክምና በሚያካሂደው ሐኪም፣ ወይም ከእርሱ ጋር በመመካከር ነው።

ከቦንጋ የሚጠበቀው እንግዲህ ቀላል ግን ወሳኝ ነው፦ እብጠቱን አለመብጣት፣ እንዳይታሽም ቤተሰቡን መምከር፣ የአጥንቱንና የደረቱን ራጅ አያይዞ ታማሚውን ሳይዘገዩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መላክ።