ምንሽር ላይ ከመፍረዳችን በፊት

«አይመታም» ይላሉ። ምንሽር፣ ፈረንጆቹ ካርካኖ የሚሉትን የጣሊያን ጠመንጃ፣ ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳችን የሚመጣ ሰው ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ ሣጥኑን ሳይከፍት ፍርዱን ተናግሮ ይጨርሳል። ርካሽ ነው፣ ለቁጥር ያህል የተሠራ ነው፣ ቤት የሚያህል ዒላማ ይስታል ይባላል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በዒላማ ተኩስ ሜዳ ላይ በተቆጣጣሪነት እሠራለሁ። በእጄ ካለፉት አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች መካከል እንደ ምንሽር በሌላው ጥፋት የሚወቀስ አላየሁም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። የጥይቱ ካልሆነም ተኳሹ በማነጣጠሪያው የሚያየው፣ ጠመንጃው የተሠራበትን አነጣጠር ሳያውቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀርቧል። ከኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገብተው ይሸጣሉ። ምንሽር አለ፣ ውጅግራ አለ፣ የእንግሊዝ ኤንፊልድ አለ። አልፎ አልፎም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቤልጅየም ያለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ለኢትዮጵያ የሠራው፣ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ቤልጅግ ይገኛል። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1968 ከውጭ የሚመጣውን የጦር ሠራዊት ትርፍ መሣሪያ አግዶ ነበር። በ1984 ለሰብሳቢዎች የሚሆኑ ጥንታዊ ጠመንጃዎች እንዲገቡ ፈቀደ፤ እነዚህም የገቡት በዚያ ፈቃድ ነው። አያቱ ታጥቆት የነበረውን ዓይነት ጠመንጃ በገዛ ደመወዙ ገዝቶ የሚመጣ ወጣት ሐበሻ ማየት ጀምሬአለሁ። ደስ ይለኛል። ደስ ስለሚለኝም ነው ከመተኮሱ በፊት የማስቆመው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር መጣ። የያዘው አጭሩን የፈረሰኛ ምንሽር ነበር፤ ሳንጃው ከአፈሙዙ ሥር ታጥፎ የሚተኛውን። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተጠግኗል። ቆዳው እርጥብ እያለ ተጠቅልሎ ሲደርቅ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ከዚህ የተሻለ የሜዳ ጥገና እስካሁን አላየሁም። አባትየው ቆዳውን ዳበስ አድርገው «ይኼ የዓድዋ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ እንኳ ዓድዋን አላየም» አልኳቸው፣ በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በባትሪ እያሳየሁ። ብሬሺያ ይላል፤ 1937 ይላል፤ ከዓመቱ ጎን በሮማውያን አኃዝ 15 ተጽፏል። ይህም ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ሲቆጠር 15ኛው ዓመት ማለት ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አብዛኛው የጣሊያን ወታደር የያዘው ከዚህ የቀደመውን ባለ 10.4 ሚሊ ሜትር ቬተርሊ ነበር። ጣሊያን ምንሽርን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1891 ቢሆንም ወደ አገራችን በብዛት ይዛው የመጣችው በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ነው።

ትንሽ ዝም አሉና «እንዲያ ከሆነማ የአባቴ ዘመን ነው» አሉ። «እሱ ከጣሊያን የማረከው ምንሽር ነበረው። እስኪሞት ከራስጌው አልተለየም።» ልጁ ይህን ከዚያ በፊት የሰማ አይመስለኝም፤ ቀና ብሎ ነበር ያያቸው።

ልጁ ጥይትም ይዟል። አዲስ ነው፣ ከሱቅ የተገዛ፣ ሣጥኑም ላይ ለዚሁ ጠመንጃ መሆኑ ተጽፏል። ወዲያው ተኩሶ አባቱን ሊያስደስት ቸኩሏል። ዛሬ አይተኮስም አልኩት።

አሮጌ ጠመንጃ ስመረምር አስቀድሜ የማየው በርሜሉ ክፍት መሆኑን ነው። ለብዙ ዓመት የቆመ በርሜል ውስጥ የደረቀ ግራሶ፣ የተቀረቀረ ጨርቅ፣ ተርብ የሠራው ጭቃ ይገኛል። ከነዚህ አንዱ እርሳሱን ካገደው በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ቀጥዬ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት አፍስሼ ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል ቅርጽ አወጣለሁ። ምክንያቱም ጠመንጃን በመልኩ ማመን አይቻልም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1938 ከ6.5 ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር መለወጥ ጀምራ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲደርስባት ጥላው ወደ 6.5 ተመለሰች። በዚህ የተነሳ መልካቸው አንድ የሆነ፣ ጥይታቸው የተለያየ አጫጭር ጠመንጃዎች አሉ። የ6.5ቱ ጥይት 7.35ቱ ውስጥ ይገባል፣ ይተኮሳልም፤ እርሳሱ ግን በሰፋው በርሜል ውስጥ የሚይዘው አጥቶ ይወጣል። የጀርመኖቹን 7.92 እንዲተኩሱ በርሜላቸው የተሰረሰረ ምንሽሮችም አሉ። እነዚህን ሰብሳቢ ቢያስቀምጣቸው እንጂ ማንም ትከሻው ላይ ደግኖ እንዲተኩሳቸው አልመክርም።

ከዚያ ቃታው ሲዘጋ ጥይቱ ኋላና ፊት የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ይለካል። ለዚህ በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉን። በአጭሩ ላይ ቃታው መዘጋት አለበት፤ በረጅሙ ላይ መዘጋት የለበትም። በረጅሙም ላይ ከተዘጋ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው። ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ይቀደዳል፣ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እላለሁ። በዚህ ምክንያት የተቀየሙኝ ደንበኞች አሉ፤ ቢቀየሙኝም ሐሳቤን አልለውጥም።

የልጁ ምንሽር ይህን ሁሉ አለፈ። የቀረው የበርሜሉ ስፋት ነበር። ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል ዘይት ቀብቼ በአፈሙዙ በኩል በመዶሻ ቀስ እያልኩ አስገባሁትና በዘንግ ገፍቼ በወዲያኛው በኩል አወጣሁት። የበርሜሉ ቦዮች ገላው ላይ ታትመው ወጡ። በማይክሮሜትር ይዤ ለአባትየው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡት፦ 6.80። ከልጁ ሣጥን አንድ ጥይት አንስቼ እርሳሱን ለካሁ፦ 6.71።

«ይህቺ ምን ታመጣለች?» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። በስማቸው 6.5 የሚባሉ ሌሎች ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ የስዊድኑ ማውዘር፣ የሚተኩሱት 6.71 ሚሊ ሜትር እርሳስ ነው። የምንሽር በርሜል ግን ከዚያ ይሰፋል፤ የሚፈልገው 6.8 ገደማ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ በተለመደው መጠን የሠራውን እርሳስ በምንሽር ቀለህ ውስጥ አድርጎ ይሸጣል። ቀጭኑ እርሳስ ቦዮቹን አይሞላም፤ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፤ እርሳሱም በወጉ አይሽከረከርም። በርሜሉ ያረጀ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የምታዩት ክብ ቀዳዳ ሳይሆን በጎኑ የገባ የእርሳስ ቅርጽ ነው። ተኳሹ ይህን አይቶ ጠመንጃውን ይሸጣል፤ ገዢውም ያንኑ ጥይት ይገዛለታል።

በ1891ዱ ዓይነት ላይ አንድ ሌላ ጠባይ አለ። የበርሜሉ ቦዮች ጥምዘዛ ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል በዝግታ ጀምሮ ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ እየጠበቀ ይሄዳል። ረጅሙንና ጫፉ ክብ የሆነውን እርሳስ በደንብ የሚያሽከረክረው የመጨረሻው ክፍል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖች ከረጅሞቹ ጠመንጃዎች ብዙዎቹን ከአፈሙዛቸው ቆርጠው አሳጠሯቸው፤ ሲቆርጡም ያንኑ የጠበቀውን ክፍል አብረው ጣሉት። ለእነዚህ ጠበቃ አልቆምም፤ የተባለባቸው ልክ ነው። የልጁ ግን ከመጀመሪያው አጭር ሆኖ የተሠራ ነበር።

እውነት ለመናገር ምንሽር አሜሪካ ውስጥ ስሙ ከአንድ ቀን ጋር ተያይዟል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ባለ 6.5 ካርካኖ ነው። ሜዳ ላይ አንዱ ምንሽር ባወጣ ቁጥር ክርክሩ ይነሳል፤ አንዱ ሊመታ አይችልም ይላል፣ ሌላው ይችላል። እኔ ወረቀትና ትክክለኛ ጥይት አምጥቼ ተኩሳችሁ እዩት እላለሁ።

ትክክለኛው መጠን ያለው እርሳስ የገባበት ጥይት አዘጋጅተን ቀን ቀጠርን። የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ማንም ትከሻው ላይ ደግኖ አልተኮሰም። ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ አስሬ ምላጩን ከሩቅ በገመድ ሳብኩ። ከያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን አንስቼ አየሁ፦ ስንጥቅ አለው? ከሥሩ ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ታየበት? ካፕሱሉ ወደ ኋላ ወጥቷል? ምንም አልነበረም።

ምንሽር ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል። ማቀፊያው ከነጥይቶቹ ከላይ ይገባል፤ የመጨረሻው ጥይት በርሜል ውስጥ ሲገባ ባዶው ማቀፊያ በታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ማቀፊያ ከሌለ ጠመንጃው ባለ አንድ ጥይት ነው፤ አንድ በአንድ ማጉረሱም ቃታውን ያስቸግረዋል። ማቀፊያው ከመሬት ሲወድቅ አባትየው ጎንበስ ብለው አነሱትና በሁለት ጣታቸው እያገላበጡ «ይህን አውቀዋለሁ» አሉ። «ልጆች ሆነን እንጫወትበት ነበር። የምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

ልጁ ተኮሰ። ጥይቱ ሁሉ ከወረቀቱ በላይ አለፈ። ይህም የታወቀ ነገር ነው። የዚህ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ600 ሜትር ነው፤ ዝቅ ተደርጎ እንኳ የእኛን 50 ያርድ አያውቅም። በዚህ ላይ ዛሬ የሚተኩስ ሰው ሁሉ የፊተኛውን ጫፍ ከኋለኛው ጎድጓዳ አናት ጋር ያስተካክላል። ለምንሽር የሚስማማው ግን ጫፉን ከጎድጓዳው ሥር ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። «ጫፏ ከሥር ብቻ ብቅ ትበል፤ ከዒላማውም ዝቅ በል» አልኩት። ቀጥሎ የተኮሳቸው ስድስቱም ወረቀቱ ላይ ገቡ፤ አንድ መዳፍ ይሸፍናቸው ነበር። አባትየው መተኮሱን አልፈለጉም። ወረቀቱን ግን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከጦርነቱ ዘመን የቀረ አሮጌ ጥይት ለምትተኩሱ ሁለት ነገር አለኝ። የዚያን ጊዜው ካፕሱል አብዛኛው ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ከአየር ስቦ በጥቂት ቀን ብረቱን ያዝገዋል። ዘይትና ነዳጅ ነክ ማጽጃ ጨው አያሟሙም፤ የሚያሟማው ውኃ ነው። ስለዚህ የፈላ ውኃ በበርሜሉ አፍስሱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡ። በተረፈ ብዙ ሜዳዎች ማግኔት የሚስበውን እርሳስ አያስተኩሱም፤ የዱሮ ጥይት ብዙው የብረት ልባስ ስላለው ከቤት ሳትወጡ በማግኔት ሞክሩት።

ልጁ ሊሄድ ሲል ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ሊቀባው እንዳሰበ ነገረኝ። ቆዳውንም ሊያነሳው ነበር። እንዳያደርገው ለመንኩት። የብሬሺያ ፋብሪካ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰደፍ ሠርቷል፤ በዚያ ቆዳ የተጠገነው ግን አንድ ብቻ ነው። የጠገነውም የእኛ ሰው ነው።

ምንሽር፣ ውጅግራ ወይም ቤልጅግ የገዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድም ጥይት ከመተኮሳችሁ በፊት በባለሙያ አስመርምሩት። በርሜሉን አስለክታችሁ ጥይቱን በልኩ ግዙ። እንጨቱን አትፋቁ። አባት ወይም አያት በሕይወት ካሏችሁም ወደ ሜዳ ስትመጡ አብራችሁ አምጧቸው።