የወንዝ ጨው ከየት ይመጣል?

በደረቅ አገር የሚፈስ ወንዝ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ጨዋማነቱ ይጨምራል። የአሜሪካው ሪዮ ግራንዴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኮሎራዶ ተራሮች ከቀለጠ በረዶ ሲነሣ በአንድ ሊትር ውኃው የሚገኘው ጨው ከ100 ሚሊግራም በታች ነው፤ ኒው ሜክሲኮን አቋርጦ ከኤል ፓሶ በታች ሲደርስ ግን ከ1,000 ሚሊግራም ይበልጣል። በዚህ ውኃ የሚያጠጣ ገበሬ ሰብሉ ይቀጭጭበታል፤ መሬቱም ጨው ያወጣበታል።

ለረጅም ጊዜ በዋናነት የተወቀሰው መስኖ ነበር። ከግድብና ከማሳ ላይ ውኃው ይተናል፣ ሰብሉም ይመጥጠዋል፤ ጨው ግን ስለማይተን በቀረው ውኃ ውስጥ ይከማቻል። አስተሳሰቡ አሳማኝ ነው። ሆኖም ከጥልቅ መሬት የሚወጣ አሮጌ ጨዋማ ውኃም ያንኑ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። የጨውን መጠን መለካት ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

የሚለያቸው ክሎሪን 36 የተባለው አይሶቶፕ ነው። የጠፈር ጨረር በከባቢ አየር ውስጥ ካለ አርጎን ጋር ሲጋጭ ይፈጠርና ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይወርዳል። ራዲዮአክቲቭ ሲሆን ግማሽ ዕድሜው 301,000 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ በደለል ውስጥ ለሚሊዮኖች ዓመታት ታምቆ የኖረ ጨው ከሰማይ የወረደው ክሎሪን 36 ከሞላ ጎደል አልቆበታል። ትነት ሁሉንም የክሎሪን ዓይነቶች ወደኋላ ስለሚተዋቸው ጨው ቢያበዛም ምጥጥናቸውን አይለውጥም፤ አሮጌ ጨው ሲቀላቀል ግን የክሎሪን 36 ድርሻ ይወርዳል። (ድርሻው እጅግ ጥቂት በመሆኑ አተሞቹን የሚቆጥረው በጣም ውድ የሆነ የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ ነው።)

ጄምስ ሆጋን፣ ፍሬድ ፊሊፕስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህንንና ሌሎች መለያዎችን ተጠቅመዋል። ጨዋማነቱ በዝግታ ሳይሆን በደረጃ እንደሚዘልል፣ ዝላዩም ወንዙ የሚያልፍባቸው የደለል ተፋሰሶች ታችኛ ጫፍ ላይ እንደሚከሠት አገኙ። ጥልቁ ጨዋማ ውኃ ወደ ላይ የሚወጣው በዚያ ነው።

ጥቂት ውኃ ይህን ያህል ጨው እንዴት ያመጣል? በሊትር 10 ሚሊግራም ክሎራይድ ባለው 999 ሊትር ውኃ ላይ፣ 10,000 ሚሊግራም የያዘ አንድ ሊትር ጨምረን እናስላ። ወንዙ የነበረው 9,990 ሚሊግራም፣ የተጨመረው 10,000 ነው። ከውኃው አንድ ሺኛ የማይበልጠው የጨዉን ግማሽ አመጣ ማለት ነው። መፍትሔውም አብሮ ይለወጣል፤ ገበሬው መስኖውን ቢቆጥብም ይህን ጨው አያስቀረውም፣ ወንዙ ጋ ሳይደርስ በጉድጓድ ስቦ ማውጣት ግን ሊታሰብ ይችላል።

ሪዮ ግራንዴ የሚፈሰው፣ እንደ እኛው አዋሽ ሁሉ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በብዙ እጥፍ ሰፍቷል፤ ጨዋማ ውኃውም ለአዋሽ ሥጋት ሆኗል። የሐይቁ ውኃ ከመስኖ ይሁን ከፍል ውኃ ለማወቅ ተመራማሪዎች የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖችን መርምረዋል። እነዚህ የውኃውን እንጂ የጨዉን አመጣጥ አይነግሩንም። በእኛ ግምት ጨዉን ለመከታተል ስትሮንሺየም ይሻላል፤ የአይሶቶፖቹን ምጥጥን የሚወርሰው ከሟሟበት ዐለት ነውና።