ትኩሳቱ ስለ በረደ በሽታው ለቀቀ አይባልም

ከቤት ሰው አንዱ በትኩሳት ሲወድቅ፥ የቤቱ ጌታና እመቤት አስቀድመው የሚጠይቁት በሽታው ምንድር ነው ብለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ሊቃውንቱን እንኳ ብዙ ዘመን ያደከመ ነው። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነው በኮተቤ፥ የእንጦጦ ብርድ በሚበረታበት በክረምት ወራት ሰው ሲታመም፥ አንዱ ምች ነው፥ ሌላው ተስቦ ነው ይላል። በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን በሽተኛው አልቦት ትኩሳቱ ሲለቀው ቤተ ሰቡ ተመስገን ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ትኩሳቱ እንደ ገና ይነሣል። ሕዝቡም ስለዚህ ጠባዩ በሽታውን ግርሻ ይለዋል።

ግርሻን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ፥ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ተሐዋሲ ነው። ኦቶ ኦበርማየር የተባለ የጀርመን ሐኪም በበሽተኞች ደም ውስጥ አይቶ በበርሊን ከተማ በ1873 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ገለጠው። የዚህ ተሐዋሲ ዘመድ በአሜሪካና በአውሮፓ ላይም የተባለውን በሽታ ያመጣል፤ ላይም በአሜሪካ በኮኔቲከት ያለች ከተማ ናት። የእኛን የሚያዛምተው የልብስ ቅማል ሲሆን የእነርሱን የሚያዛምተው የዱር መዥገር ነው። በ1981 የላይምን ተሐዋሲ በመዥገር ሆድ ውስጥ ያገኘው ዊሊ ቡርግዶርፈር በወጣትነቱ የመረመረው የአፍሪካን የሚያገረሽ ትኩሳት ነበረ።

ሁለቱ ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ፥ አገኛኘታቸው የተለያየ ነው። ግርሻ ትኩሳቱ በነደደበት ሰዓት በደም ውስጥ ስለሚበዛ፥ አንዲት ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ተቀብታና በቀለም ተነክራ በአጉሊ መነጽር ብትታይ ይታወቃል። ትኩሳቱ ሲበርድ ግን ከዓይን ይሰወራል። የላይም ተሐዋሲ በደም ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ፥ ሐኪሞች የሚፈልጉት ሰውነት እርሱን ለመመከት የሚያበጀውን መከላከያ ነው። ይህም ተዘጋጅቶ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈጅ፥ ፈጥኖ የተመረመረ በሽተኛ በሽታው እያለበት የለብህም ይባላል። ደግሞም ስለ ዝምድናቸው፥ ግርሻ የያዘው ሰው በላይም ምርመራ አለብህ ሊባል ይችላል። ዝምድናው ለጥቅምም ሆኗል፤ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ ያሉበት የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ማኅበር በ1994 የግርሻን ተሐዋሲ ከሰውነት ውጭ በብርጭቆ ለማሳደግ የቻለው፥ ለላይም ዘመዶች በተዘጋጀ ምግብ ነው።

የሕመሙ መዘግየትም ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። በግርሻ ጊዜ ሰውነት ተሐዋሲውን ለይቶ ሲያጠፋው፥ የተረፉት ጥቂቶቹ ልብሱን እንደ ለወጠ ሽፍታ መልካቸውን ለውጠው እንደ ገና ይበዛሉ። በላይም ግን መድኃኒቱን ከፈጸሙት በሽተኞች አንዳንዶቹ ከግማሽ ዓመት በላይ ድካም፥ የመገጣጠሚያ ሕመምና የሐሳብ መዘበራረቅ ይቀርባቸዋል። መድኃኒቱን ለብዙ ወራት ማራዘም እንዳልጠቀማቸው በምርመራ ታውቋል። በ2019 ሊቃውንት የሞተው ተሐዋሲ ግድግዳ ስብርባሪ በታማሚዎች ጉልበት ውሃ ውስጥ ቀርቶ ቍጣ እንደሚያነሣ ገለጡ። ስለዚህ፥ ድኛለሁ ተብሎም ደከመኝ የሚለውን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም።

ግርሻ ካልታከመ ከ100 በሽተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል፤ ሲታከም ግን የሚሞቱት ከ5 አይበልጡም። ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ የፔኒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን መድኃኒት ይበቃል። ሆኖም መድኃኒቱ በተሰጠ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ይመጣል። በአዲስ አበባ ተደርጎ በ1996 በታተመ ምርመራ፥ ልዩ መከላከያ ካልተሰጣቸው 29 በሽተኞች 26ቱን ይህ መንቀጥቀጥ ይዟቸዋል፤ ከተሰጣቸው 20ዎቹ ግን 10ሩን ብቻ ያዛቸው። ስለዚህ በሽተኛው መርፌውን ተወግቶ ወዲያው ወደ ቤቱ ሊመለስ አይገባም፤ በሐኪም ዓይን ሥር ይቈይ።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የሚገባው ይህ ነው። ዘበኛው ወይም የቀን ሠራተኛው በክረምት ቢታመም፥ ትኩሳቱ ሳይበርድ ለደም ምርመራ ይላክ። ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ ይቅር፤ ተሐዋሲው ከተጨፈለቀው ቅማል ወጥቶ በተፋቀ ቈዳ ወይም በዓይን ይገባልና። ቅማልና ቅጫሙ በልብስ ስፌት ውስጥ ስለሚኖሩ፥ ልብሱ ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ይታጠብ፥ ስፌቱም በካውያ ይተኰስ። ሊታጠብ የማይችለው 2 ሳምንት በከረጢት ታስሮ ይቀመጥ።

ቅማል የሚበዛው ሰው ከብርድ የተነሣ በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ፥ አንዱን ልብስ ሌሊትና ቀን ሲለብስ ነው። ለሠራተኛው ቅያሪ ልብስ፥ ሳሙናና ሙቅ ውሃ የሰጠ ሰው፥ ለራሱም ልጆች ጤና እንደ ተጠነቀቀ ይቈጠራል።