አዲስ ሰፈር፣ የአንድ ሰዓት ዕረፍትና ደህና ምሳ

አዲስ ሰፈር ሲቆረቆር አስፋልቱ፣ መብራቱና ሕንፃው ቀድመው ይደርሳሉ። ወግ ያለው ምሳ ግን ከሁሉም ኋላ ይመጣል። ይህ እውነት በዱባይ ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳርቻ በተስፋፉት መንደሮች ጎልቶ ይታያል። አፓርታማው ተከራይቷል፣ ቢሮው ሥራ ጀምሯል፣ የሜትሮው ቀይ መስመርም ከጀበል አሊ እስከ ኤክስፖ ድረስ በ15 ኪሎ ሜትርና በሰባት ጣቢያዎች ተዘርግቷል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሰፈሮች የሚሠራው ሰው እኩለ ቀን ሲሆን ሆዱን የሚያጠግብ፣ ኪሱንም የማያራቁት ምግብ ቤት ፍለጋ ይንከራተታል።

ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ከሠራተኛው ጊዜ፣ ጤናና ገንዘብ ጋር የተሳሰረ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ በ2021 ያወጣችው የሥራ ሕግ አንድ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ከአምስት ተከታታይ ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል፤ የዕረፍቱ ድምርም ከአንድ ሰዓት እንዳያንስ ያዛል። ይህች አንድ ሰዓት በአዲስ ሰፈር እንዴት እንደምታልቅ ማስላት አያዳግትም። ምግብ ቤቱ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ቢርቅ መሄጃና መመለሻው ግማሽ ሰዓቱን ይወስዳል። ለውዱእና ለዙህር ሰላት ሩብ ሰዓት ቢያዝ፣ ለመብላት የሚተርፈው ሌላው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። በበጋ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጥላ በሌለው ጎዳና መጓዝ ራሱ ሌላ ድካም ነው። መንግሥት ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ባሉት የፈረንጆች ቀናት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን የሚከለክለውም ይህንኑ ሙቀት በማሰብ ነው።

ምሳ የሚዘገይበት ምክንያት አለው። ርካሽ ምግብ የሚሸጥ ሰው ትርፉ በሰሃን ብዛት የሚገኝ በመሆኑ በቂ ሕዝብ ሳይሰፍር የሱቅ ኪራይ ሊከፍል አይደፍርም። ነዋሪውም በበኩሉ ሱቅና ምግብ ቤት የሌለበትን ሰፈር ይሸሻል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መሐል ቀድመው የሚገቡት ኪሳራን ለጊዜው መሸከም የሚችሉት ትላልቅ የቡናና የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ናቸው። ዋጋቸው ግን ከደመወዙ ቆጥቦ ለቤተሰቡ ገንዘብ ለሚልክ ሰው በየቀኑ የሚቻል አይደለም።

ሰፈር በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚበስል ለማየት ኢንተርናሽናል ሲቲን መመልከት ይበቃል። ከሃያ ዓመት በፊት ከከተማው ርቆ በበረሃ የተገነባው ይህ መንደር በቻይና፣ በፋርስ፣ በሞሮኮ፣ በሩሲያና በሌሎችም አገሮች ስም የተሰየሙ ክፍሎች አሉት። በአጠገቡ ያለው የድራጎን ማርት ገበያ የተከፈተው እ.ኤ.አ በ2004 ነው። የመኖሪያ ሕንፃዎቹ ምድር ቤት ለሱቅ በመተዉና ኪራዩም ረከስ ያለ በመሆኑ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ቀስ በቀስ ሞሉት። ዛሬ የቻይናን ኑድል፣ የፓኪስታንን የታንዱር ዳቦና የአረብን የሩዝ ምግቦች ፈልጎ ከሌላ ሰፈር ወደዚያ የሚሄደው ብዙ ነው።

አዲስ ሰፈር እስኪበስል ድረስ ግን ሰው መብላት አለበት። የቆዩ ሠራተኞች የሚከተሏቸው ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው መስጂድ ነው። ጀማዓ በሚሰበሰብበት አቅራቢያ ካፌቴሪያ መከፈቱ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ታክሲ ነው። በእኩለ ቀን ታክሲዎች ተደርድረው የቆሙበት በር ብዙውን ጊዜ ምግቡ ትኩስ፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። ሦስተኛው የአዲሱ ሰፈር ጠርዝ ነው። ከሚያብረቀርቀው ሕንፃ ጀርባ ያሉት ጋራዦችና መጋዘኖች የኬራላ ወይም የፔሻዋር ሰው የሚያበስልበት ምግብ ቤት አያጡም። እዚያ ሩዝ በዓሣ መረቅ፣ ምስር በትኩስ ሮቲ፣ ከዚያም ከረክ ሻይ ይገኛል። በወር ክፍያ ምሳን በየሥራ ቦታው የሚያደርሰው «ሜስ» የሚባለው አገልግሎትም ለብዙዎች መፍትሔ ሆኗል። በስልክ ማዘዝ የሚመርጡም ለማድረሻ የሚከፈለውን ተካፍለው በጋራ ያዛሉ።

ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድም የሚያስመሰግን ዘዴ ነው፤ ሆኖም በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ጥንቃቄ ይሻል። የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈም ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ጠዋት የተቋጠረ የሥጋ ወጥ ወይም ሩዝ በመኪና ውስጥ ውሎ እኩለ ቀን ላይ ቢበላ ለሕመም ሊዳርግ ይችላል።

ኢትዮጵያውያን ደግሞ ተጨማሪ ናፍቆት አለባቸው። እንጀራ የሚያቀርቡት ምግብ ቤቶች በብዛት የሚገኙት እንደ ዴራ ባሉ ነባር ሰፈሮች ነው፤ በአዲሱ ዳርቻ ለሚሠራ ሰው የዕረፍት ቀን ጉዞ እንጂ የአዘቦት ምሳ አይሆኑም። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ጉዳይም ከዚህ ይለያል። ለእነርሱ ምሳ ፍለጋ የሚወጡበት ጎዳና የለም። እ.ኤ.አ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ተገቢ ምግብ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ይህ መብት መሆኑን ማወቅ ከሁሉ የሚቀድም ስንቅ ነው።

የከተማዋ ዕቅድ አውጪዎች ችግሩን አልዘነጉትም። እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የሆነው የዱባይ 2040 የከተማ ዕቅድ ነዋሪዎች ቁጥር በዚያን ጊዜ 5.8 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገምታል። ከዕቅዱ ጋር የተያያዘው «የሃያ ደቂቃ ከተማ» አሠራርም ነዋሪው 80 በመቶ የሚሆነውን የዕለት ፍላጎቱን በእግር ወይም በብስክሌት በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንዲያገኝ ያለመ ነው።

የዚህ ዕቅድ ስኬት በሕንፃ ቁመት ብቻ አይለካም። የጽዳት ሠራተኛው፣ የጥበቃ ሠራተኛውና የሱቅ ሻጯ ዙህርን ሰግደው፣ ትኩስ ምግብ በአቅማቸው በልተው፣ ሳይሮጡ ወደ ሥራቸው የሚመለሱበት ቀን ሲመጣ ያ ሰፈር በእርግጥ ሰፈር ሆኗል ማለት ይቻላል።