641 ያጋለጠው ቁጥር

በክፍል ውስጥ «ታላቁ እገሌ እንዲህ ብሎአል» ሲባል ብዙዎቻችን ብዕራችንን አንሥተን እንገለብጣለን እንጂ ወረቀት ስበን አንፈትነውም። ዛሬ የማወሳው ቁጥር ይኽን ልማዳችንን የሚዘልፍ ነው፤ ቁጥሩም 4,294,967,297 ነው።

አወጣጡ ቀላል ነው። ከ2 ተነሥተን የተገኘውን በራሱ እያባዛን እንሂድ፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536። በያንዳንዱ ላይ 1 ስንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65,537 ይሆናሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። 65,536ን በራሱ አባዝተን 1 ብንጨምር ደግሞ የኛው ቁጥር ይመጣል።

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ መንገድ የሚገኙት ቁጥሮች አንድም ሳይቀር ብቸኛ ናቸው የሚለውን እምነቱን በደብዳቤ ገለጸ። ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልሸሸገም። በ1729 ጎልድባኽ ነገሩን ለወጣቱ ኦይለር አነሣለት፤ ኦይለርም በ1732 እንዲህ ሲል አፈረሰው፦

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297

እንዴት ደረሰበት? ቁጥሩን ለመፈተን እስከ 65,536 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ እነዚህ ግን 6,542 ናቸው። ኦይለር ያረጋገጠው ደንብ ድካሙን ያቀለዋል፦ የዚህ ቁጥር ማናቸውም አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ በሩን ከፈተ!

አንባቢ ሆይ፣ ኦይለርንም ቢሆን በቃሉ አትመን፤ እርሳስህን አንሣና ተከተለኝ። 640 የ5ና የ128 ብዜት ነው። ስለዚህ 640ን አራት ጊዜ ጽፈን ብናባዛ 625 × 268,435,456 ይሆናል። 640 × 640 ለ641 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው (641 × 639 = 409,599 ነውና)፤ ይኸው ውጤት በራሱ ሲባዛም ቀሪው 1 ነው። እንግዲህ 625 × 268,435,456 ለ641 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ነገር ግን 625 + 16 = 641 ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ 16 × 268,435,456 ቢጨመር ድምሩ ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ያ የተረፈው 1 ወደ ሁለተኛው ሲዛወር፣ 16 × 268,435,456 + 1 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ይህም 4,294,967,297 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለጨዋታ ብቻ የሚነሡ አይደሉም። በ1796 ጋውስ ገና በ18 ዓመቱ፣ 17 እኩል ጎኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ያረጋገጠው 17 ከነዚሁ ቤተሰብ በመሆኑ ነው። ከ65,537 በኋላ ግን ሌላ ብቸኛ አልተገኘም፤ ከኛው ቁጥር ጀምሮ በተከታታይ ያሉት 28ቱ ሁሉ ተካፋዮች መሆናቸው ታውቆአል። ሌላ ብቸኛ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የፈታው የለም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። 641 ከብቸኛ ቁጥሮች 116ኛው ነው። ደንቡን የማያውቅ ሰው እንኳ ከ2 ጀምሮ በትዕግሥት ቢያካፍል በ116ኛው ሙከራ ይደርስበት ነበር። የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሆኖም ያ አሳብ 92 ዓመት ቆሞ ኖረ። ከደብተራችን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቁጭ ብሎ ቢያካፍለው የሚፈርስ ስንት ነገር ይኖር ይሆን?